የዘርመስት እንቅልፍ

ቶያማ፣ ጃፓን
ኅዳር 3፣ 1997 እ.ኤ.አ.

ለተከበርሽው እህቴ ለእትዬ ኹሽ በጊም፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ይህች ወረቀት እጅሽ እስክትገባ የሎዋሪ ተራራ ማለፊያ በበረዶ እንዳይዘጋ እየለመንኩ ነው የምጽፍልሽ። አንቺ፣ ወንድምሽ ዘርመስት፣ የትምህርት ቤትሽ ልጃገረዶች፣ የመንደራችን የቡኒ ሰው ሁሉ እንደምን ከረማችሁ? እኔ በአላህ ፈቃድ ደህና ነኝ። ብርዱ ብቻ አስቸግሮኛል። የኛ አገር ብርድ ደረቅ ነው፤ የዚህኛው እርጥብ ሆኖ አጥንት ውስጥ ይገባል።

አሁን ወደ ጠቡ ልምጣ። ከነሐሴ ወዲህ ከአባባ አንድ ቃል አልደረሰኝም። ድሮ አንቺ ስትጽፊ እሳቸው ከጎንሽ ተቀምጠው «ይኼንንም ጨምሪበት፣ ያንንም ጨምሪበት» እያሉ ወረቀቱ አልበቃ ይል ነበር። ስለ ጎረቤት አህያ ሁለት ገጽ የጻፋችሁልኝን አልረሳሁም። ምነው አሁን ዝም አሉ? ልጄ ረስቶኛል ብለው አኩርፈው ከሆነ ኩርፊያውንም ቢሆን ጻፊልኝ፤ ናፍቆኛል። መነጽሩስ ደረሳቸው? ልኩ ሆነ?

አውቶቡሱስ እንዴት ነው? አባባ የወንዝ ዳሩን ማሳ ሸጠው ያስመጡት ነውና እንደ ልጅ እንደሚያዩት አውቃለሁ። እዚህ ሳለ የአንድ ፍል ውሃ ማረፊያ ቤት ንብረት ነበር፤ ሽማግሌዎችን ከባቡር ጣቢያ ሲያመላልስ ነው የኖረው። ወንበሩ ላይ ጭረት አልነበረበትም። መቼም የፔሻዋር ቀለም ቀቢዎች እንደሚሆን አድርገውታል። ዘርመስትን «ሹፌር ከሆንክ ወዲህ ለጡት ወንድምህ ሰላምታ ማቅረብ ከበደህ ወይ?» በይልኝ። አንድ ጡት ጠብተን ያደግን ሰዎች እንዲህ አንሆንም።

የዚያው ዓይነት ሌላ አውቶቡስ ለላስፑሩ ፋራሞርዝ ባለፈው ወር በመርከብ ጭኜለታለሁ። ከቡኒ ላስፑር ሊሠራበት ነው። ለዘርመስት ተፎካካሪ አመጣሁበት፤ ይበሳጭ።

የእናቴን እግር ሳሚልኝ።

ወንድምሽ ሙታበር


ቡኒ
ጥር 20፣ 1998

ወንድሜ ሙታበር፣

ወዓለይኩሙ ሰላም። አላህ በሄድክበት ይጠብቅህ፤ ከክፉ ዓይንም ይሰውርህ። ደብዳቤህ ደርሶኛል። መልሱ የዘገየው መንገዱ ስለተዘጋ፣ አውሮፕላኑም በደመና ምክንያት ስላልመጣ ነው።

እኛ አለን። በረዶው እስከ ጉልበት ደርሷል። ትምህርት ቤቱ ዝግ ነው። የናንተ ላም ወልዳለች፤ ጥጃዋ ሴት ናት።

መነጽሩ ደርሷል። እናትህ እማማ ቡልቡል በሐር ጨርቅ ጠቅልለው ሳጥን ውስጥ አስቀምጠውታል። አባትህ ባሉበት ሰላም ናቸው።

አውቶቡሱ አሁን አይሠራም። የበረዶው ወራት ነው። የፋራሞርዝ ከበረዶው በፊት ደርሷል፤ ጎኑ ላይ የፖሎ ፈረሶች አስሎበታል። ዘርመስት ቤት ነው። ቀኑን ሙሉ ከጣሪያ ላይ በረዶ ይጠርጋል። የኛን ሲጨርስ የጎረቤቱን ይጠርጋል፤ ሰዎች ተው ቢሉትም አይተውም።

እማማ ሁለት ነገር ጻፊለት ብለውኛል። አንደኛ፣ በበጋ ይምጣ፤ ሥራ አለብኝ እንዳይለኝ። ሁለተኛ፣ ገንዘብ አይላክ።

ይኸው ነው።

እህትህ ኹሽ በጊም


ቶያማ
የካቲት 27፣ 1998

እትዬ ኹሽ፣

አላህ ሰላምታዬን ሙሉ አድርጎ ያድርስልኝ፤ እኔ ግን አሳጥሬዋለሁ። ለምን እንደሆነ አንብበሽ ትረጂኛለሽ።

ስለ ደብዳቤሽ ብዙ የምለው ነበረኝ። «ገንዘብ አትላክ» የሚል ወረቀት ከቡኒ ወጥቶ አያውቅምና እዚህ አብሮኝ ያለው የስዋቱ ጓደኛዬ ጉላብ ራሱ አንብቦ «እነዚህ ሰዎች ወርቅ አገኙ እንዴ?» ብሎኛል። ጠባችንን ግን ለሌላ ጊዜ አቆይቼዋለሁ።

እዚህ አገር አንድ መኪና ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ ጉድለት እንዳለበት ከታወቀ አምራቹ ጥሪ ያደርጋል። በጋዜጣ ያስነግራል፣ ለባለቤቶቹም ካርድ በፖስታ ይልካል፤ ያ ዓይነት መኪና ያለው ሁሉ ወደ ጋራዥ መልሶ በነፃ ያስጠግናል። ባለፈው ሳምንት ምሳ እየበላሁ አንድ ሽማግሌ በዚያ በረዶ ብስክሌት እየገፋ ግቢያችን ገባ። የማረፊያ ቤቱ ባለቤት ነው። አውቶቡሱን ቢሸጠውም ካርዱ የተላከው ለእሱ ነበር። ባርኔጣውን አወለቀና «የተበላሸ ዕቃ ሸጬላችኋለሁ» ብሎ እስከ ወገቡ ጎንበስ አለልኝ። አፌ ሩዝ ሞልቶ ነበር።

ነገሩ የመሪው ነው። የመሪውን ዘይት የሚያደርሰው ቱቦ መጋጠሚያው ላይ ይሰነጠቃል፤ አንድ ቀን ዘይቱ ድንገት ይፈስሳል። ያኔ መሪው ይከብዳል፣ እንደ ድንጋይ ይሆናል። ከዚያ በፊት ያለው ምልክት ትንሽ ነው፤ ሲታጠፍ ያቃስታል። የኛ ሰዎች ደግሞ መኪናውን በሰንሰለትና በቃጭል ስለሚያስጌጡት ቢያቃስትስ ማን ይሰማዋል?

አሠሪዬ «መርከብ ላይ የወጣ ዕቃ የኔ አይደለም» ብሏል። ቺትራል ከተማ ፖስታ ቤት ሦስት ጊዜ ደወልኩ፤ አንዱ «ማን? ማን?» ብሎ ጮኸና መስመሩ ተቋረጠ።

እትዬ፣ ዘርመስት ያንን አውቶቡስ እንዳይነዳው። መንገዱ ሲከፈት እንዳያስነሣው። ለአባባ ንገሪያቸው፤ ይቆጣሉ፣ ይቆጡ። ለፋራሞርዝም ንገሪው። የሁለቱም አንድ ነው።

ሙታበር


ቡኒ
ሚያዝያ 9፣ 1998

ወንድሜ ሙታበር፣

አላህ ልብህን ያጽናው። ይህንን ደብዳቤ የላክሁት በጉላብ ስም ነው፤ አብሮህ ተቀምጦ እንዲያነብልህ። ብቻህን ከሆንክ አጥፈህ ያዘውና ሰው ፈልግ።

አባትህ ጋሽ ሹጃ ሞተዋል። አላህ ጀነት ይስጣቸው። ባለፈው መስከረም መጨረሻ፣ አውቶቡሱ ከቺትራል ሲመለስ ከወንዙ በላይ ያለው ጥምዝ ላይ ሲደርስ ሳይታጠፍ ቀጥ ብሎ ወጣ። አባትህና ሌሎች ሦስት ሰዎች አለቁ። ከኋላ የነበሩት ተረፉ። ዘርመስትም ክንዱ ተሰብሮ ተረፈ።

አንተ እንድትሰማ ያልፈለጉት እናትህ ናቸው። «ልጄ በሰው አገር ብቻውን ሐዘን አይቀመጥም፤ በበጋ ሲመጣ እነግረዋለሁ» አሉ። እኔም «ባሉበት ሰላም ናቸው» እያልኩ ጻፍኩልህ። አለቀስኩ ብልህ ውሸት ነው። ምንም አልተሰማኝም። እጄ ነው የጻፈው። እስከ ዛሬም እንዲሁ ነኝ፤ ለልጆቹ ትምህርት እሰጣለሁ፣ ቂጣ እጋግራለሁ፣ ሰው ሲጠራኝ አቤት እላለሁ።

የዘርመስትን ነገር እንዳለ ልንገርህ። ከቀብር በኋላ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ደንቡን ታውቀዋለህ፤ ነፍስ ያጠፋ ሰው በግ ይዞ ከሟች ደጅ ይቆማል፣ ይቅር ይባላል፣ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ዘርመስት መጀመሪያ «መሪው አልዞር አለኝ» ነው ያላቸው። የገበያው መካኒክ «የጃፓን መኪና? ገና ቀለሙ ሳይደርቅ?» ብሎ ሳቀ። ከሽማግሌዎቹ ትልቁ ሻህ ኒያዝ ግን አልሳቁም። «ስማኝ ልጄ» አሉት፣ «ከሟች ደጅ የሚቆም ሰው ብረት አያሳብብም። ይቅር የሚባለው ‹እኔ ነኝ› ያለ ሰው ነው። ብረቱን ማን ይቅር ይበለው?» በማግስቱ ተመልሶ «ተኝቼ ነበር» አላቸው። ሦስቱ ቤቶች ይቅር አሉት። ደግ ሰዎች ናቸው።

የናንተ ቤት ነው የቀረው። እናትህ «ያጠባሁት ልጅ ነው፤ እኔ ምን እላለሁ? የባሌ ደም የበኩር ልጄ ነው፤ እሱ ይናገር» አሉ። ይቅርታው ያንተን ቃል ይጠብቃል።

ደብዳቤህ ሲደርስ ለዘርመስት አነበብኩለት። እስከ መጨረሻው ሰማኝና «ተይው» አለኝ።

«እንዴት ነው የምተወው? አልተኛህማ!»

«ይቅር ብለውኛል። አልተኛሁም ካልኩ ነቅቼ ነበር ማለት ነው።»

«ታዲያ ነቅተህ አልነበር?»

«ነበርኩ» አለ። «እሱን ነው የማልፈልገው።»

እሱ እምቢ ሲል እኔው ገበያ ወርጄ ፋራሞርዝን አነጋገርኩት። መንገዱ ተከፍቶ ሥራ ጀምሯል፤ በየቀኑ አውቶቡሱ ሰው ጢም ብሎበት ነው የሚሄደው። ያልከውን ሁሉ ነገርኩት። በሰው ፊት ሳቀብኝ። «አስተማሪ፣ ወንድምሽ ተኝቶ አራት ሰው ቀበረ፤ አሁን ደግሞ እንቅልፉን በኔ አውቶቡስ ላይ ልታላክኪ ነው?» አለኝ። ተሳፋሪውም ሳቀ። ተኛሁ ያለው እኮ ራሱ ዘርመስት ነው።

ምን እናድርግ? ጻፍልኝ።

እህትህ ኹሽ በጊም


ቶያማ
ግንቦት 4፣ 1998

እትዬ ኹሽ፣

አላህ እናንተን ያቆይልኝ።

ጉላብ ግማሹን አንብቦ አቆመና ትከሻዬን ያዘኝ። ቀሪውን ራሴ ጨረስኩት። ከዚያ ወደ ግቢው ሄጄ አንድ መኪና አጠብኩ። ንጹሕ ነበር፤ ደግሜ አጠብኩት። አላለቀስኩም። ለቅሶው እናንተ ጋ አልቋል መሰለኝ፤ እኔ የደረስኩት ሰው ከተበተነ በኋላ ነው።

መነጽሩን እያሰብኩ ነው የከረምኩት። ጠርዙ ጆሯቸውን ይቆርጣቸው ይሆን እያልኩ። አንቺን አልወቅስም፤ እኔም ባንቺ ቦታ ብሆን እንዲሁ ነበር የምጽፈው።

ዘርመስትን ግን እወቅሰዋለሁ፤ ንገሪው። በመተኛቱ አይደለም፣ ተኛሁ በማለቱ ነው። በመጀመሪያ ቃሉ ጸንቶ ቢሆን ኖሮ ፋራሞርዝ አውቶቡሱን ሲረከብ መጀመሪያ የሚያስከፍተው መሪውን ነበር። አሁን እውነቱን ቢናገር የሚያምነው የለም፤ የዘጋው ራሱ ነው። የጡት ወንድሜ ስለሆነ ፊት ለፊት ነው የምናገረው።

ይቅርታውን በተመለከተ ለእናቴ እንዲህ በይልኝ። ተኝተሃል ብዬ ይቅር እንዳልለው አልተኛም። መሪው እምቢ ብሎሃል ብዬ ይቅር እንዳልለው ይኼ የሱ ጥፋት አይደለም። ታዲያ ምኑን ነው ይቅር የምለው? የምሰጠው ነገር እጄ ላይ የለም። አውቶቡሱን መርጬ የላክሁት እኔ ነኝ፤ እኔ የማን ደጅ ልቁም?

የሽማግሌውን ካርድ ይዤ ጋራዥ ሄጄ ነበር። «መኪናው የት አለ?» አሉኝ። «ቺትራል» አልኳቸው። አንዱ ሠራተኛ ካርታ አመጣና በጣቴ አሳየሁት። ብዙ አየው። ከዚያ ውስጥ ገባና ሁለት ቱቦ ይዞልኝ ወጣ፤ ሁለት አውቶቡስ ብዬው ነበርና። አንዱን መለስኩለት።

ቱቦውን ወደ ፔሻዋር ለሚሄድ ሰው ሰጥቻለሁ። መቼ እንደሚደርስ አላውቅም። እስከዚያ ያ አውቶቡስ ከቡኒ እንዳይነሣ። ዘርመስት እንዴት እንደሚያደርገው እሱ ያውቃል።

ሙታበር


ቡኒ
ሰኔ 21፣ 1998

ወንድሜ ሙታበር፣

አላህ ጤናህን ይስጥህ፤ ሐዘንህን የመጨረሻ ያድርግልህ። የዘገየሁት የሆነውን ነገር እስከ ዳር አይቼ ልጽፍልህ ብዬ ነው።

ደብዳቤህን ለዘርመስት ሳነብለት «ተኛሁ በማለቱ» የሚለው ላይ ስደርስ «ድገሚው» አለኝ። ደገምኩት። ጫማውን አድርጎ ወጣ። የሄደው ገበያ ነበር። የፋራሞርዝ አውቶቡስ ሞልቶ ሊነሣ ሲል ከፊት ጎማው ሥር ሄዶ ቁጭ አለ።

የተሰደበው ስድብ ቢጻፍ ወረቀት አይበቃም። «ዘርመስት፣ እዚህም ልትተኛ ነው?» «ኧረ ትራስ አምጡለት!» «አባቱ ቤት አልጋ የለም እንዴ?» ፋራሞርዝ ጥሩምባውን ነፋ፣ ሞተሩን አጓራ፣ ወርዶ በካልቾ መታው። አልተነሣም። ተሳፋሪው እያጉረመረመ ወርዶ በእግሩ ሄደ። በነጋታው እንደገና። እኔ ምሳ እወስድለት ነበር። ሰው ሲስቅብን አየዋለሁ፣ አንዳች አይሰማኝም፤ ሳህኑን አስቀምጬ እመለሳለሁ።

ፋራሞርዝ ሽማግሌ ጠራበት። ሻህ ኒያዝ በበትራቸው እየተደገፉ መጡ። «ተነሥ» አሉት፣ «ይቅር ያሉህን ሰዎች አታሳፍራቸው።»

«ተነሥቼ ልናገር?»

«ተናገር።»

ተነሣ። ገበያው በሙሉ እየሰማ ነበር። «አልተኛሁም» አለ። «መሪው አልዞር አለኝ። ተኛሁ ያልኩት እናንተ እንደዚያ ስለፈለጋችሁ ነው። ነቅቼ ነበር። ሁሉንም አይቻለሁ፣ ሁሉንም ሰምቻለሁ።»

ከሟቾቹ የአንዱ ወንድም «ስለዚህ እኛ ይቅር ያልነው ውሸትን ነው?» ብሎ ጮኸ።

«ከፈለጋችሁ ይቅርታውን ውሰዱት» አለ ዘርመስት። «አውቶቡሱን ግን ክፈቱት።»

ሻህ ኒያዝ መካኒኩን «ክፈተው» አሉት። ያ የሳቀው መካኒክ አውቶቡሱ ሥር ገባ። ጨርቅ ስጡኝ አለ። ጠራረገና ቆየ። ሲወጣ እጁ እስከ ክርኑ ዘይት ነበር። «ቱቦው ተሰንጥቋል፤ ጥፍሬ ይገባበታል» አለ። ፋራሞርዝ መሬት ላይ ተቀመጠ። ጠዋት ሊሄዱበት የነበሩት ሴቶች ልጆቻቸውን ይዘው ቆመው ነበር። ሻህ ኒያዝ ወደ ዘርመስት ጠጋ አሉ። ክንዱን ነክተውት ሄዱ።

በዚያው ዕለት ማምሻውን የናዚ እናት ደጃችን መጣች። ናዚ ከሟቾቹ ትንሿ ናት፤ እኔ ያስተማርኳት ልጅ። ይቅርታዋን ልታነሣ የመጣች መሰለኝ። ሴትየዋ ግን ቆማ ዘርመስትን አየችውና «ነቅተህ ነበር አይደል?» አለችው።

«አዎ።»

«እንግዲያው ልጄ ምን አለች?»

ዘርመስት «ከገበያ የገዛቻት ዶሮ አምልጣባት ወንበር ለወንበር ስታባርራት ነበር» አላት። «ትስቅ ነበር። መሪው እምቢ ሲለኝ ገና እየሳቀች ነበር። ያየች አይመስለኝም።»

«ዶሮዋን ግዢ ያልኳት እኔ ነኝ» አለችና ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ያኔ ነው ያለቀሰችው። በቀብሩ ዕለት እንዲህ አላለቀሰችም።

ከዚያ ወዲህ የሌሎቹም ሟቾች ቤተሰቦች መጡ። ይቅርታውን ያነሣ የለም። ሁሉም የመጣው ያንኑ ሊጠይቅ ነው። እስከ ዛሬ ተኝቶ ነበር ሲባል ማንን ይጠይቁ? ዘርመስት አንድ በአንድ ይነግራቸዋል። ሲሄዱ ግድግዳው ሥር ይቀመጣል። ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም።

እናትህ አልመጡም። «የኔን ሙታበር ይጠይቅ» ብለዋል።

እህትህ ኹሽ በጊም


ቶያማ
ሐምሌ 19፣ 1998

እትዬ ኹሽ፣

ሰላም ለቤታችሁ ይሁን።

ይህንን ደብዳቤ ብዙ ጊዜ ጀምሬ ተውኩት። አባባ መጨረሻቸው ምን እንደነበር ለማወቅ እፈራለሁ፤ ሳላውቅ መቅረቱንም አልቻልኩትም። ፈርተው ነበር ካለኝም ይንገረኝ። ጮኸው እንደሆነም ይንገረኝ። አውቶቡሱን ረግመውት እንደሆነ፣ እኔንም ረግመውኝ እንደሆነ ይንገረኝ። ለኔ ብሎ እንዳያሳምረው። ካሳመረው አውቅበታለሁ፤ አብረን ነው ያደግነው።

ጠይቂልኝ።

ሙታበር


ቡኒ
ነሐሴ 30፣ 1998

ወንድሜ ሙታበር፣

አላህ መልካሙን ያሰማህ። ቱቦው ደርሷል፤ ፋራሞርዝ አስገጥሞታል። ዘርመስት መሪውን ራሱ ሞክሮ ካላረጋገጠልኝ አልነዳም ብሎ ነበር ፋራሞርዝ፤ ዘርመስት ግን እጁን አላሳረፈበትም። ከዚህ በታች ያለው የዘርመስት ቃል ነው። እናትህ ቤት፣ እናትህ እየሰሙ ነው ያጻፈኝ። ምንም አልጨመርኩም፣ ምንም አልቀነስኩም።

ሙታበር፣ አሳምሬ እንዳልነግርህ አዘኸኛል። እንደዚያ አደርጋለሁ።

አባትህ ከጎኔ፣ ከፊት ወንበር ላይ ነበሩ። ሽማግሌ ከኋላ አይቀመጥም። መንገዱን ሙሉ ሲጨቀጭቁኝ ነበር፤ «ቀስ በል፣ ያ ድንጋይ አለ፣ ያቺ ፍየል አለች» እያሉ። እኔም «አጎቴ፣ ይንዱት እንዴ?» ብያቸው ስቀው ነበር። ጥምዙ ላይ ስደርስ መሪውን ሳዞረው አልዞር አለኝ። ፍሬን ረገጥኩ፤ ጠጠሩ ይዞን ሄደ። «አጎቴ፣ አልዞር አለኝ» አልኳቸው። ይህን ያልኳቸው እንደ ልጅ ሆኜ ነው።

ፈርተው ነበር። ፊታቸውን አይቻለሁ። አልጮኹም፤ ማንንም አልረገሙም። ያንተን ስም አላነሡም፤ አነሡ ብልህ ውሸት ነው፣ ጊዜ አልነበረም። ከወንበራቸው ተነሥተው መሪውን ከኔ ጋር ያዙት፤ እጃቸውን እጄ ላይ ደርበው። «ሳብ» አሉኝ። ሳብን። ትንሽ ዞረ። «ሳብ፣ ልጄ» አሉኝ። እንደገና ትንሽ ዞረ። የአውቶቡሱ አፍንጫ ገደሉን ስቶ ዓለቱን መታ፤ የኋለኛው ክፍል መንገዱ ዳር ካለው ቋጥኝ ጋር ተያዘ። ከኋላ የነበሩት የተረፉት በዚያች ትንሽ ነው። ብቻዬን ብሆን ኖሮ ሁላችንም ወንዝ ውስጥ ነበርን። ተኛሁ ያልኩ ቀን ይህንን ነው ከሳቸው የሰረቅሁባቸው፤ ይቅር የምትለኝ ነገር ከፈለግህ እሱ ነው። እስከ ዛሬ ይህንን ያወቀ ሰው የለም።

የፊቱ ክፍል ተጨፍልቆ ነበር። ሰዎች መጥተው ሊያወጡን ሲጎትቱ የሳቸው እጅ መሪውን አልለቅም አለ። ነፍሳቸው ወጥታ ነበር፤ እጃቸው ግን እንደያዘ ነበር። ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ያላቀቅኋቸው እኔ ነኝ። ያንን ያደረግኩት በተሰበረው ክንዴ ነው፤ ደህናው ክንዴ ከሥራቸው ሆኖ ደግፏቸው ነበር፣ እሱን ማውጣት አልፈለግሁም።

ዘርመስት